ሙት ሰላም አይልም

«እንዳንቺ ያለ ትሑት ከየት ይገኛል፣ አንቺ አፈ ማር፣ አንቺ ልበ ጥጥ» እያለች ወይዘሮ ማዘንጊያ ደረቷን ስትደቃ፣ የትምወርቅ አንገቷን ደፋች። ለቀስተኛው ሐዘን የጣላት መሰለው። እሷ ግን አንገቷን የደፋችው ሳቋ እንዳያመልጣት ነበር። እህቷ እማዋይሽ በሕይወት ሳለች ብዙ ተብላለች፤ ትሑት ስትባል የተሰማው ግን ዛሬ ገና ነው።

እማዋይሽ ብትሰማ ምን እንደምትል የትምወርቅ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት የአንድ ሹም እናት ሞተው ከለቅሶ ሲመለሱ፣ ስለዚህችው ሴት እንዲህ ብላ ነበር። «ማዘንጊያን አየሻት? እንባዋ ከከንፈሯ በታች አይወርድም፤ በምላሷ ትመልሰዋለች። ጨው በግመል በሚራገፍበት አገር ይህን ያህል ስስት ምንድን ነው?»

እማዋይሽ በተስቦ ታማ ሳምንት ሳይሞላት ነው የሞተችው። ዳሱ የተጣለው በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ፣ ሁለቱ እህቶች ተከራይተው ከሚኖሩባት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ለዳሱ የሚሆን ነገር ሲፈለግ፣ ልብስ ሰፊ የነበረችው እማዋይሽ ሱሪ ልታወጣበት ከአልጋዋ ሥር አጣጥፋ ያስቀመጠችው፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የድንኳን ሸራ ተገኘ። አሁን ከሰው በላይ ተወጥሮ ነፋስ ባለፈ ቁጥር ይርገበገባል። ከሥሩ የተቀመጠው ሰው አብዛኛው በሕይወቷ ሰላም ብሏት የማያውቅ ነው። እውነቱን ለመናገር እሷም ሰላም ብላው አታውቅም።

የሠፈሩ ሴቶች በጠዋት እየመጡ «ጽንዓት ይሃብኪ»፣ መጽናናቱን ይስጥሽ፣ ይሏታል፤ ያመጡትን ንፍሮ አስቀምጠው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በእነሱ የትምወርቅ አልተከፋችም። የናቀችው ከሰዓት በኋላ የሚመጡትን ነው። ከሸዋ በሥራ መጥተው መቀሌ የከረሙት ጸሐፊዎች፣ መምህራንና የመጋዘን ሹሞች፣ ሚስቶቻቸውንም ጨምሮ፣ ቢሮ ሲዘጋ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ተጠራርተው፣ እንደ ማዕረጋቸው ተራ ይዘው ይገባሉ። ሬሳ ከወጣበት ቤት ገብተው እንኳ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ በዓይን ይለካካሉ። ከተቀመጡ በኋላ ሹክሹክታው ስለ ዝውውርና ስለ ሹመት ነው። ስለ ሟች የሚነሳ ነገር ቢኖር አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ እነዚህ ሁለት እህቶች ዘመድ በሌላቸው አገር ከደብረ ብርሃን ድረስ ምን ሊሠሩ መጡ?

ጥያቄዋ ስድስት ዓመት የኖረች ናት። የደፈረ ሰው እማዋይሽን ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነበር፤ «አየሩ ተስማምቶኝ።» ሰው በዚህ አልረካም። ማዘንጊያ አንዴ ሰው ገድላ ነው የሸሸችው ብላ አስወርታለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከገዳም የኮበለለች መነኩሲት ናት ብላለች። እማዋይሽ ሁለቱንም ሰምታ፣ «ሁለቱንም ሥራ ብሠራው ለእሷ ጥሩ ነበር፤ ወሬ አይቸግራትም» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችም።

በሁለተኛው ቀን የአገር ልጆቹ ማኅበር በመምህር ታመነ መሪነት ተሰልፎ ገባ። ከሰልፉ መጨረሻ አቶ ወልደአማኑኤል ነበር። የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው፤ አንገቱ ከኮሌታው ተርፎ የወጣ፣ ማይጨው ላይ የቆሰለ እግሩን ሰው ሲያየው የሚያነክስ፣ ብቻውን ሲሆን ግን ደህና የሚራመድ። በቅርቡ ባላምባራስ ይባላል እየተባለ ስለሚወራ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። ዳሱ መሃል ደርሶ ኮፍያውን አወለቀና፣ «ወይኔ የአገሬ ልጅ፣ ወይኔ እህቴ» ብሎ ተንሰቀሰቀ። አልቃሹ ሁሉ ተከትሎት አለቀሰ። እንዴት ያለ አንጀተ ስስ ሰው ነው፣ ለማያውቃት ሴት እንዲህ ሆነ፣ ሲባባሉ የትምወርቅ ሰማች። እሷ ጫማውን ነበር የምታየው። ለለቅሶ ሲመጣ ጫማውን አስወልውሎ ነበር።

ይህ ሰው የእማዋይሽ ባል ነው። በቁርባን ያገባት ባሏ። በመቀሌ ከተማ ይህን የሚያውቁት እማዋይሽ፣ የትምወርቅና ራሱ ወልደአማኑኤል ነበሩ።

ወልደአማኑኤል በሃያ ስምንት ዓ.ም. ጦሩን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲዘምት እማዋይሽ ገና ሙሽራ ነበረች። ከማይጨው የተረፈው ተመለሰ፤ እሱ አልተመለሰም፤ ወሬውም አልተሰማ። ሰው ሁሉ ሞቷልና ተዝካሩን አውጪ ሲላት፣ «ሬሳውን አምጡልኝና አለቅሳለሁ» አለች። ጣሊያን ገብቶ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ብላ ቆየች። ሊያገቧት ሽማግሌ የላኩትን ሁሉ ከደጅ መለሰች። ከመካከላቸው አንዱን፣ ጋሻ መሬት ያለውን ድንክ ባለጸጋ፣ «እኒህ ሰውዬ ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው?» ብላ መጠየቋን አገሩ ሁሉ ሰምቷል።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ አብዱሰመድ የሚባል የወሎ ነጋዴ ወደ ደብረ ብርሃን መጣና ወልደአማኑኤልን መቀሌ ገበያ ላይ በዓይኑ እንዳየው ነገራት። በሕይወት አለ፤ እግሩን ግን ቆስሏል አላት። እማዋይሽ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ያልመጣው ቆስሎ ነው ብላ ጨረሰች። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ እንደ እናት ያሳደገቻትን ታናሽ እህቷን አስከትላ፣ ስንቋን ቋጥራ፣ በማግስቱ መንገድ ዳር ቆመች። የትምወርቅ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

አሳፍሩን ብሎ መኪና መለመን በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ጣሊያን ጠርጎት በሄደው መንገድ ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደው የጭነት መኪና ይመላለሳል፤ መሄጃ ያጣ ሰው ዳር ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ ሾፌሩ ልቡ ከራራ ከጭነቱ ላይ ያወጣዋል። የእማዋይሽ ችግር ልመና አለማወቋ ነበር። ሌላው አንገቱን ሰብሮ «ስለ እመብርሃን» ሲል፣ እሷ መንገዱ መሃል ገብታ ጃንጥላዋን እንደ ኬላ እንጨት አጋድማ ታስቆምና፣ «ወደ መቀሌ ነን። ባላምባራስ ወልደአማኑኤል ባለቤቴ ናቸው፤ ይጠብቁኛል» ትላለች። ወልደአማኑኤል ያን ጊዜ እንኳን ባላምባራስ፣ የአሥር አለቃም አልነበረም። የትምወርቅ በሐፍረት ትሸማቀቃለች። የሚገርመው ግን መኪናው መቆሙ ነው።

መቆሙ ብቻውን አይበቃም። እስከ መጨረሻው የወሰዳቸው ሾፌር አልነበረም፤ ምላሷ መንገድ ላይ ታስወርዳቸዋለች። የመጀመሪያው አገሩ ያልገባ ጣሊያን ነበር። ጣርማ በር ላይ ተራራው ተበስቶ የተሠራው ዋሻ ውስጥ ሲገቡ የትምወርቅ በጨለማው ደንግጣ እጇን ያዘቻት። «አትፍሪ፣ ሲሸሹ አቋራጭ እንዲሆናቸው የበሱት ነው» አለቻት፣ ሾፌሩ እንዲሰማ ጮክ ብላ። ሰውየው አማርኛ መስማቱን ያወቁት ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ፣ ሐሩሩ ላይ ቋጠሯቸውን ወርውሮ ሲያወርዳቸው ነው። ከከሚሴ ወዲያ ደግሞ ቆዳ የጫነ ዓረብ ነጋዴ አገኙ። እማዋይሽ ደሴን እስኪያልፉ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ሄደች። ሰውየው ሐይቅ አጠገብ ለሰላት ሲቆም፣ ከጸሎቱ በፊት ጭነቱን ቢያጥብ ይሻል እንደነበር ነገረችው። እዚያው ተዋቸው።

ወልድያ ላይ ነው ይማም የተገኘው። ወደ አስመራ እህል የጫነ፣ ጥርሱ በጫት የጠቆረ፣ ጎልማሳ የወሎ ሰው ነው። እማዋይሽ እንደ ልማዷ መንገዱን ዘግታ ባላምባራሱን ጠራችበት። ይማም ከመሪው ላይ ሆኖ ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ «ባላምባራስ ከሆኑ መኪና ለምን አልላኩልሽም?» አላት።

የትምወርቅ እህቷ መልስ ስታጣ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ይማም ሳቀ፤ ከዚያ ወርዶ የጭነቱን ገመድ አላልቶ፣ በጆንያዎቹ መሃል መቀመጫ አበጀላቸው። እስከ ቆቦ ድረስ እማዋይሽ አልተናገረችም። ኮረም ብርዱ ሲጠና ይማም ካፖርቱን ወደ ላይ ወረወረላቸው፤ ተቀብላ ለእህቷ ደረበችላት፤ እሷ ጥርሷን እያንገጫገጨች፣ የሾፌር ልብስ አይሞቀኝም አለች።

አላጌ ዳገቱ ላይ መኪናው አቃተው። ይማም ተሳፋሪውን በሙሉ አወረደና፣ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት እየተከተሉ ከጎማው ሥር ድንጋይ እንዲያደርጉ አዘዘ። «ባላምባራሷ፣ አንቺም ድንጋይ ያዢ» አለ። የትምወርቅ ጠብ ይነሳል ብላ ፈራች። እማዋይሽ ግን ነጠላዋን በወገቧ አሥራ ድንጋዩን ታቅፋ፣ ከጎማው ኋላ ጎንበስ እያለች ዳገቱን በሙሉ ወጣችው። መዳፏ ተልጦ ነበር። ጫፉ ላይ ሲያርፉ፣ ቁልቁል ጭጋጉን እያየች፣ ሌላ ጊዜ በማትናገርበት ድምፅ፣ «ሳገኘው ምን እንደምለው ስንቱን ቀን አሰብኩ። ምንም አልለውም። ውሃ አሙቄ እግሩን አጥብለታለሁ» አለች።

በሠልስቱ ቀን፣ ቤቱ ወንድ የለውምና ለቀስተኛውን በቤተሰቡ ስም የሚያመሰግን ያስፈልጋል ተብሎ ሲመከር፣ ወልደአማኑኤል ማንም ሳይጠራው ተነሳ። እያነከሰ ወጣና ስለ ሟች ጥቂት ልበል አለ። በሩቁም ቢሆን ጨዋነቷን ሲያደንቅ እንደኖረ፣ የአገር ልጅ ማለት የሥጋ ዘመድ ማለት እንደሆነ፣ እህቷን ከእንግዲህ ማኅበሩ እንደማይጥላት ተናገረ። መምህር ታመነ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ማዘንጊያ እንባዋን ጠረገች፤ በምላሷ መሆኑን የትምወርቅ ልብ ብላ አየች። የሰውየውን ድምፅ ስትሰማ ምንም አልተቆጣችም። ንዴት ለሰው ነው። የተሰማት፣ ምግብ ውስጥ የወደቀ ዝንብ ያየ ሰው የሚሰማው ነው።

ባዶ ጣሳዎቹን ሰብስባ ወደ ቤት ስትገባ ወልደአማኑኤል ከኋላዋ ገባ። ክፍሏ ውስጥ አልጋውና የስፌት መኪናው አሉ። በሩን ገፋ አደረገው።

«የትሜ» አላት፣ በልጅነቷ ይጠራት በነበረው ስም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሸራው ሲርገበገብ ጥቂት አዳመጠና፣ ወደ ጉዳዩ ገባ። የእማዋይሽ የነፍስ አባት ሳትሞት መጥተው እንደነበር ሰምቷል። ተናዝዛ ይሆናል፤ ደግ ነው። ግን የድሮ ነገር አንስታ ይሆን? አባ ምን ሰሙ? ለእሱ ብሎ አይደለም፤ ልጆች አሉት፤ ሹመቱም ለፋሲካ ይደርሳል ተብሏል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ጠላት ብዙ ነው። ያን ጊዜ ሞታለች ብለው ስለነገሩት ነው እንጂ፣ እሱ ክፉ አስቦ አልነበረም።

«ማን ነው ሞታለች ብሎ የነገርዎ?» አለችው።

«ጊዜው የጦርነት ነበር የትሜ። ወሬ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል?»

የትምወርቅ ያን ወሬ የሰማችበትን ቀን አስታወሰች። ይማም ኲሓ ላይ አወረዳቸውና ወደ አስመራ ቀጠለ። ቁልቁል በእግራቸው መቀሌ ገቡ። እየጠየቁ ከገበያው በላይ ካለ የድንጋይ ቤት ደረሱ። ልጅ ያዘለች ሴት ወጣች። አስካለማርያም ትባላለች። ማን ናችሁ ሳትል አስገብታ መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ አጠጣቻቸው፤ የአቧራቸውን ብዛት አይታ ገበቴ አምጥታ፣ ተንበርክካ የሁለቱንም እግር አጠበች። እማዋይሽ የቤቱ አከራይ ናት ብላ ገምታ ነበር። የወልደአማኑኤል ቤት ይህ ነው ወይ ስትላት፣ አዎ፣ እህል ሊቀበል ወጥቷል፣ ከአገሩ ናችሁ ወይ ብላ በደስታ ፈካች። ከዚያ ሳይጠይቋት አጫወተቻቸው። ከማይጨው ሲመጣ እግሩ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር፤ አባቷ ከጣሊያን ደብቀው አዳኑት፤ በኋላም እሷን ዳሩለት። መቼም ሰውየው ብዙ አይቷል አለች፤ በቁስሉ ላይ የሚስቱ መርዶ መጣበት።

«ሚስቱ ሞተች?» አለች እማዋይሽ።

«ደብረ ብርሃን ነበረች አሉ። ምስኪን፣ ልጅ እንኳን አልተካች። ተዝካሯን እዚሁ አወጣንላት።»

እማዋይሽ ያልደረቀ እግሯን ቁልቁል አየች። «ድግሱ አማረ?»

«ደህና ነበር። ጠላው ግን ቀጠነብን፤ የጣሊያን ጊዜ አይደል፣ ጌሾ ከየት ይምጣ?»

«ነፍስ ይማር» አለች እማዋይሽ፣ ተነሳችም። ማን መጣ ልበለው ስትባል፣ መንገደኞች በይው አለች። ከግንቡ ጥግ እስኪታጠፉ ቀጥ ብላ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ «ለእኔ ቀጭን ጠላ» አለች።

የትምወርቅ እያለቀሰች ለምን አልነገርሻትም አለቻት። «እግሬን አጥባኛለች» አለች እማዋይሽ። «እሷ ምን አደረገችኝ?» እንግዲያውስ እንመለስ ስትላት ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። «ለምኜ መጥቻለሁ፤ ለምኜ አልመለስም።» የትምወርቅ አንድም ቀን ስትለምን እንዳላየቻት ነገረቻት። «ድንጋይ ተሸክሜያለሁ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ በነገሩ አልተነጋገሩም።

በሚቀጥለው ሰኞ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ወልደአማኑኤል ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። እማዋይሽ የታሰረ አህያ እንደሚታለፍ በአጠገቡ አለፈች። «እኔ እኮ የሞትኩ ሰው ነኝ፤ ሙት ሰላም አይልም» አለች። ሰውየው በዚያ ሳምንትም፣ በዚያ ዓመትም፣ አንድ ቃል ሊል ወደ በሯ አልመጣም። እሷ የስፌት መኪና ተከራይታ፣ በኋላም የራሷን ገዝታ ኖረች። ሰኞ ሰኞ አቋራጭ መንገድ እያለ በመጋዘኑ በኩል ዞራ ገበያ ትወጣለች። እሱ ሲያያት ወደ ውስጥ ይገባል። አስካለማርያም የልጆቿን ልብስ ስታመጣላት፣ እማዋይሽ ለማንም የማታደርገውን ድርብ ስፌት ትሰፋላታለች፤ ከሰላምታ በላይ ግን አታወራትም።

አሁን ያ ሰውዬ በሩን ተደግፎ መልስ ይጠብቃል። የትምወርቅ ጣሳዎቹን አስቀመጠች። ዕድሜውም ጋብቻውም እርስዎ የሚያስብለው ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉም በልቧ እንኳን አንተ ብላው አታውቅም።

«ስለ አንተ አንድም ቃል አልተናገረችም» አለችው። «እኔ ስምህን ሳነሳባት፣ የትኛው ብላ ጠየቀችኝ።»

እንዲወጋው ብላ ነው የተናገረችው። ወልደአማኑኤል ግን ትከሻው ወረደ፤ ትንፋሹን በረዥሙ ለቀቀ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፤ ኮፍያውን አስተካክሎም ወጣ። ከበሩ እስከ ዳሱ የሚያየው ሰው አልነበረምና አላነከሰም።

የትምወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የነገረችው ውሸት ነበር። እማዋይሽ ትኩሳቱ በጸናባት ከሰዓት በኋላ መቀሌ አልነበረችም። ጭነት ላይ ነበረች። የት ደረስን እያለች ትጠይቃለች። የትምወርቅ ደርሰናል እትዬ፣ መቀሌ ነን ስትላት ትቆጣለች፤ አላጌ ነን እንጂ፣ ድንጋዩን አቀብዪኝ፣ መኪናው ሊንሸራተት ነው ትላለች። መዳፏን እያሻሸች ብዙ ደከመች። በመጨረሻ ዳገቱ ያለቀላት መሰለ፤ ፊቷ ረጋ አለ። ከዚያ ወልደአማኑኤል አለች፣ ስሙን አሟልታ። ሊመጣ ነውና ውሃ አሙቂልኝ፣ እግሩ ቆስሏል አለቻት። የትምወርቅ ውሃውን አሞቀች። ምን ታድርግ? አሙቃ ይዛላት ስትመጣ እህቷ ዓይኗን አልገለጠችም።

ይህን ያ ሰውዬ ከእሷ አይሰማም። ማንም አይሰማም። ስድስት ዓመት በንቀት የተጠበቀ ነገር፣ ለሹመት በሚሮጥ ሰው ጆሮ አይጣልም።

ዳሱ በሚነሳበት ቀን ጠዋት፣ የሠፈር ሴቶች ጥቂት ሆነው፣ ማዘንጊያም በዚያ ቀን ማልዳ መጥታ፣ ተቀምጠው ሳለ አስካለማርያም ብቻዋን መጣች። ቀብር ላይ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልታየችም፤ ማዘንጊያም ይህን ሳትታዘብ አላለፈችም። አስካለማርያም እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ የትምወርቅ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ፍትሐቱ ላይ ቄሱ ስሟን ጠሩ» አለች። «ኂሩተ ሥላሴ አሉ።»

«የክርስትና ስሟ ነው።»

«ዐውቀዋለሁ። ያኔ ተዝካር ሳወጣ፣ ስሙን ለቄሱ የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱ ነገረኝ፣ እኔ ለቄሱ ነገርኩ።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «መንገደኞቹ እናንተ ነበራችሁ?»

«እኛ ነበርን።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እግሬን አጥባኛለች፣ እሷ ምን አደረገችኝ አለች።»

አስካለማርያም ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ማዘንጊያ ከወዲያ ማዶ አንገቷን አስግጋ ስታይ፣ የትምወርቅ ዞር ብላ አየቻት፤ እማዋይሽ ታይበት በነበረው አስተያየት ነው ያየቻት። ማዘንጊያ የምታየው ሌላ ነገር ፈለገች።

«ጠየቅሁት» አለች አስካለማርያም፣ እጇን ከፊቷ ሳታነሳ። «ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ታዲያ አሁን ሞታ የለም እንዴ› አለኝ። ተነስቼ ከልጆቼ ጋር ተኛሁ። ከእንግዲህም ከእነሱ ጋር ነኝ።» እጇን አወረደች። «ሌላም ነገር አለ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ያን ጊዜ በተዝካሯ ቀን እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ቦታው ተለቀቀልኝ ብዬ። ጎረቤቱ ነፍስ ይማር ሲል እኔ ጠላ እቀዳለሁ፣ ልቤ ግን ደስ ይለዋል። አላለቀስኩላትም። አሁን ላለቅስላት መጣሁ። ግን ምን ብዬ ላልቅስ? ጎረቤቷ አይደለሁ፤ ዘመዷ አይደለሁ።»

ከዳሱ ውጭ ወንዶቹ ካስማውን መንቀል ጀምረዋል፤ ሸራው በአንድ በኩል ጎበጥ ብሎ ፀሐይ ገባ። ወልደአማኑኤል ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ገመድ ሊያስፈታ መጥቶ፣ ሚስቱን እዚያ ሲያይ ባለበት ቀረ።

የትምወርቅ ወደ አስካለማርያም ዞረች። ከትከሻዋ ላይ የተጣለውን ነጠላ አነሳች፤ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ በአንገቷ ዙሪያ አዞረችው፤ ሁለቱን ጫፎች ባለ ሐዘን እንደሚያደርገው በደረቷ ላይ አሳልፋ፣ ከኋላዋ በወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችላት።